ኑግ የጠጣ እጀታ

ባለፈው ግንቦት ወደ ባሕር ዳር ስመለስ አውቶቡሳችን ጎማ ሊያስነፋ ቡሬ ላይ ቆመ። ሾፌሩ «ሩብ ሰዓት» አለን። የሾፌር ሩብ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ስለምናውቅ ሁላችንም ወረድን። ከጎማ ቤቱ አጠገብ አንድ ቁራሌ የሰበሰበውን ብረት በማዳበሪያ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የተሰበረ የአልጋ ሽቦ፣ የብስክሌት ሰንሰለት፣ ጥርሱ ያለቀ ማጭድ፣ ቀዳዳ ባልዲ፣ ዝገት የበላው ማረሻ። ከማረሻው ሥር አንድ የእንጨት እጀታ ብቅ ብሏል። ጎንበስ ብዬ ሳብኩት።

ስለቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ብረት ነው። እጀታው ጠቁሯል፣ ልስልስ ብሏል፣ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

«የሚበላ አይደለም እኮ እህቴ» አለኝ ቁራሌው።

አጠገቤ የቆመችው ተሳፋሪ ሳቀች። ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ ጎን ለጎን ተቀምጠን የወንድሟን ልጅ የክርስትና ድግስ ስታወራኝ የመጣች ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት።

«ምንድን ነው?» አልኩት፣ ምን እንደሆነ እያወቅሁ።

«እንጃ። አንዱ የአናጢ ነው ይላል፣ ሌላው የብራና ነው ይላል። የሚያውቅ ሰው ሲያልፍ ይነግረኛል ብዬ አኖርኩት እንጅ እኔማ ምኑን አውቄው።»

እንጨቱን ፀሐይ መትቶት ሞቋል። ያደረ የኑግ ዘይት፣ የከረመ ቅቤ፣ ቆዳ ይሸታል። ይህን ሽታ ከዚያ በፊት የማውቀው በአንድ በጋ ብቻ ነው። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የእታለም ሰርግ የቀረበበት ዓመት ነው።

እታለም የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ስሟ ውድነሽ ቢሆንም እኛ ቤት በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ከዋናው መንገድ ዳር ባለች ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ደረጀ የሚባል የቡሬ ገጠር ልጅ፣ ከተማችን ውስጥ እህል የሚነግድ፣ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ወደዳት። እሷን ለማየት ሲል ያንኑ ሱሪ ደጋግሞ ከማሳጠሩ የተነሣ በመጨረሻ ሱሪው ለታናሽ ወንድሙ ሆነ እየተባለ ይሳቅበታል። ሽማግሌ ተልኮ እናቴ እሺ ብላለች። የሰርጉ ቀን ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። ጌሾው ተወቅጦ በጆንያ ጓዳ ገብቷል፤ የጌሾው ሽታ ቤቱን ሲሞላው እኔ ሰርግ ማለት ያ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ቲቸር አዱኛ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን፣ የባህል ክፍል እናቋቁማለን ብለው ተነሡ። ጠመኔና የተሰበረ ወንበር የሚጣልበትን መጋዘን አስጠረጉና እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ አሮጌ የሥራ ዕቃ እንዲያመጣ አዘዙ። በሳምንቱ ክፍሉ ሞላ። ሞፈር መጣ፣ መንሽ መጣ፣ የጥጥ መዳመጫና ደጋን መጣ፣ ማንም ስሙን የማያውቀው ቆልማማ እንጨት መጣ። ጌትነት የሚባለው የክፍላችን ልጅ ቤታቸው የጥንት ዕቃ ቢያጣ አዲስ ማጭድ ገዝቶ እሳት ላይ ሲያጨሰው ሰንብቶ አመጣ።

ዕቃዎቹን ምንነታቸውን እየለዩ የሚነግሩን የኔታ አምሳሉ ነበሩ። በወጣትነታቸው ብራና ፍቀው መጽሐፍ የጻፉ፣ ኋላ ቅኔ ያስተማሩ፣ እኛ ስንደርስባቸው ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ለደረጀ አባት አጎት ስለሆኑ እታለምን ሊጠይቁ ከመጡት ሽማግሎች ትልቁም እሳቸው ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ በጋሪ እየመጡ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛ ተሰልፈን ዕቃችንን እናቀርባለን።

የሚለዩበት መንገድ ለኔ አስማት ነበር። ብረቱን አያዩም። ዓይናቸውን ጨፍነው እጀታውን ይጨብጣሉ፣ አውራ ጣታቸውን ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሳሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ።

«ብረት እምነት የለውም» ይሉናል። «ቀጥቃጭ ቤት በገባ ቁጥር ሌላ ሆኖ ይወጣል። እጀታ ግን የያዘውን እጅ አይረሳም።»

የአንዲት ልጅ ማጭድ ጨብጠው «ባለቤቱ ግራኝ ነበር» አሉ። ልጅቱ አያቷ ግራኝ እንደነበሩ መሰከረች። የጌትነት ማጭድ ሲደርሳቸው ገና ከመጨበጣቸው ፈገግ አሉና «ይህ አሮጌ አይደለም፤ ጢስ ያስለቀሰው ሕፃን ነው» ብለው መለሱለት። ከዚያ ቀን ወዲያ እሳቸው ባሉበት እጄን ከኋላዬ እደብቅ ነበር። ከጓዳ ስኳር መስረቄን መዳፌን ጨብጠው እንዳያውቁብኝ ፈርቼ ነው።

እኔ የማመጣው ዕቃ አልነበረኝም። እናቴን ብጠይቃት «እኛ ከተሜ ነን፤ ምን አሮጌ ዕቃ አለን?» አለችኝ። ወንፊት ይዤ ብሄድ ቲቸር አዱኛ «ይህማ ገበያ ሞልቷል» ብለው መለሱኝ።

እናቴ ከገጠር ስለመምጣቷ ማውራት አትወድም። እሷና እታለም ወላጆቻቸው ሞተውባቸው ከወምበርማ በኩል፣ ከሽንዲ አጠገብ፣ እንደመጡ ብቻ አውቃለሁ። ሌላም የማይገባኝ ነገር ነበር። በበዓል በግ ሲታረድ ጎረቤቶቻችን ቆዳውን ይሸጣሉ ወይም ያደርቃሉ፤ እናቴ ግን ቆዳው ሳይቀዘቅዝ ላገኘችው ሰው ትሰጣለች። እኔ በግ ትፈራለች ብዬ አስብ ነበር። ደግሞ በገበያ ቀን ከሽንዲ የሚመጡ አያ ታደግ የሚባሉ ሽማግሌ ዘመድ ነበሩን። እናቴ በጓሮ በር አስገብታ፣ ጥሩ ጥሩውን አብልታ፣ በጓሮ በር ትሸኛቸዋለች። ይህንም ንፋስ እንዳይመታቸው ነው ብዬ ለራሴ ፈትቼው ነበር። ልጅ ሆኖ መልስ የሚያጣ ሰው የለም።

አንድ እሑድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ እታለም ሣጥኗን ከፈተች። ከልብሷ ሁሉ ሥር በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። ስለቱ የጎበጠ ብረት፣ እጀታው ጥቁር።

«ውሰጅው። የኔታ ምን እንደሆነ ይንገሩሽ» አለችኝ። «እስኪነግሩሽ ድረስ ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

«የማን ነው?»

«የቤታችን።»

እታለም ከሌሎች ልጆች እንዳላንስ አስባልኝ ነው ብዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እሷ ግን የሣጥኑን ክዳን ይዛ ቆማ ነበር፤ እንደ ሌላው ጊዜ አላቀፈችኝም።

ሐሙስ ደረሰ። የኔታ እጀታውን ጨበጡ። አውራ ጣታቸው እንጨቱ ላይ በሥራ ብዛት በተቦረቦረው ጎድጓዳ ውስጥ ገባና ቆመ። ከዚያ በሌላ ሰው ዕቃ ላይ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት። ሊቀምሱት መስሎኝ ደነገጥኩ። ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የእታለም የእህቷ ልጅ ነኝ። የባለ ስፌቷ።»

በመንገዱ የሚያልፈውን ጋሪ ሲያዩ ቆዩ። «የብራና መፋቂያ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጻፊ ልጄ።»

ቲቸር አዱኛ ተደሰቱ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሙያ አንድም ዕቃ አልነበረንም። ካርቶን ቆርጠው ሰጡኝና በገዛ እጄ «የብራና መፋቂያ» ብዬ ጻፍኩ። በጣም ኮራሁ። እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ መጀመሪያ ዕቃው ከቤት መውጣቱን ስትሰማ የያዘችው ማማሰያ እጇ ላይ ቀረ። ቀጥሎ የኔታ ያሉትን ስትሰማ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ራሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት?»

«ራሳቸው።»

«እግዚአብሔር ይስጣቸው» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። ስለ ትምህርት ቤት ነገር ስማኝ አታውቅም ነበር።

እታለምን ስፌት ቤቷ ሄጄ ነገርኳት።

«አሽትተውታል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ብዙ።»

«አሽትተውት ነው የብራና ያሉት?»

«አዎ።»

እግሯን መልሳ መኪናዋ ላይ አደረገች። ጨርቅ ግን አላስገባችም። መርፌው ባዶውን ሲወርድ ሲወጣ አየሁ።

ያን ቀን የገረመኝን ዛሬ በጥቂት ቃል መናገር እችላለሁ። የእናቴና የእታለም አያት ሽንዲ አጠገብ ቆዳ የሚያለፉ፣ ስልቻና የቀንበር ማሰሪያ ምራን የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ገበሬው ስልቻውን ከነሱ ይወስዳል እንጂ ልጅ አይሰጣቸውም፣ ልጃቸውንም አያገባም። የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ይበላል ይባላል። እናቴ ወደ ከተማ ስትመጣ ይህን ሁሉ ከኋላዋ ዘግታ ነበር። ብራናም የሚፋቀው ከቆዳ ነው፤ ግን ተወጥሮ ደርቆ ነው የሚፋቀው። ቅባት የነካው ብራና ቀለም አይዝም። ስለዚህ የብራና ፋቂ እጀታ ነጭና ደረቅ ነው። ኑግና ቅቤ የጠጣ እጀታ የቆዳ አልፊ ነው። ይህን በዚያ ሰፈር ከየኔታ አምሳሉ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

እታለም ዕቃውን የሰጠችኝም እሳቸው እውነቱን እንዲናገሩላት ነበር። ራሷ ለመናገር አፏ እምቢ ብሏት፣ ከሰርጉ በፊት በሳቸው አንደበት እንዲወጣ ፈልጋ። እሳቸው ደግሞ አዘኑላትና ሸፈኑት።

በማግስቱ ልብስ ስናጥብ እናቴና እታለም ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ሰው ሸፍኖልሽ አንች ትገልጫለሽ?» አለች እናቴ።

«ከሰርጉ በኋላ ከገበያ ሰው ይስሙት?»

«አይሰሙም።»

«አያ ታደግ ሰርጌ ላይ የት ይቀመጣሉ? ጓሮ?»

እናቴ የያዘችውን አንሶላ አጥብቃ ጨመቀች። ጠቡ የወንበር ጠብ መስሎኝ «የኔን ቦታ ልስጣቸው» አልኩ። 

የባህል ክፍሉ የሚከፈተው በወላጆች ቀን ነበር። ግቢው በሰው ተሞላ። የደረጀ አባት አቶ ምናለ ከቡሬ ገጠር ልጃቸውን አስከትለው መጡ፤ የኔታ ስለጋበዟቸው፣ ደግሞም ለክፍሉ ከአባታቸው የወረሱትን ስልቻ ሰጥተው ስለነበር ነው። ዕድሜው ከሳቸው የሚበልጥ፣ ስፌቱ አንድም ያልተተረተረ ስልቻ ነበር። ቲቸር አዱኛ ያለ ሐሳብ የኔን ዕቃ ከጎኑ አስቀምጠውታል።

አቶ ምናለ ስልቻቸውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ቆሙ። «ይህስ ምንድን ነው?» አሉ። ደረጀ ካርቶኑን አነበበላቸው፤ ዕቃው ከእኛ ቤት መምጣቱንም ነገራቸው። ፊታቸው በራ።

«እንግዲያው የሊቃውንት ዘር ናችኋ» አሉ ወደ እናቴ ዞረው። «ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሩን?»

«ኧረ ምን ይወራል ብለን ነው» አለች እናቴ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና።

እታለም ከኋላችን ነበረች። ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የብራና አይደለም። አያቴ ቆዳ አልፊ ነበሩ። አንቱ የያዙትን የመሰለ ስልቻ ነው የሠሩበት። ከሰርጉ በኋላ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔው ይስሙት ብዬ ነው።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ምናለ እጃቸውን ከስልቻው ላይ አነሡና ወደ የኔታ አዩ።

«የኔታ?»

የኔታ በትራቸው ላይ ተደግፈው እታለምን ተመለከቱ። «አፍንጫዬስ አልሳተም ነበር» አሉ። «ዕቃ ስትጠይቁኝ እኔ ሰርግ አየሁ። እሷ በለጠችኝ።»

አቶ ምናለ አልተቆጡም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ደግ ነው» አሉ። «እንግዲህ ገብተን እንመካከርና እንልካለን።» የቲቸር አዱኛን እጅ ጨብጠው፣ ለእናቴም እጅ ነሥተው ወጡ። ደረጀ ተከተላቸው።

እኔ ደስ አለኝ። እንመካከራለን ካሉ ሊመካከሩ ነው፤ እንልካለን ካሉ ሊልኩ ነው። ለእናቴ «ሰማሽ? ይልካሉ» ብዬ ልነግራት ብዞር ከግቢው ወጥታ መንገዱን ይዛለች። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ሁሉ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሚላከውን ሰው ስጠብቅ ከረምኩ። ጎጃም ውስጥ ትልቅ ሰው እምቢ ሲል እምቢ እንደማይል የተማርኩት በዚያ ጥበቃ ነው።

ፋሲካ መጥቶ ሄደ። እናቴ ጌሾውን ከጓዳ አውጥታ ለጎረቤት አከፋፍላ ሰጠችው። ከእታለም ጋር ጨው አምጪ፣ በር ዝጊ ካልሆነ በቀር አይነጋገሩም ነበር።

ከዚያ ደረጀ መጣ። እኔ ስፌት ቤቱ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ እለቅም ነበር። የሚያጥር ሱሪ አልያዘም። አልተቀመጠም፤ መቃኑን ይዞ ቆመ።

«አባቴ እምቢ አሉ» አለ።

እታለም መቀሱን አስቀመጠች። «አንተስ?»

ደረጀ እጁን አየ። መዳፉን ገለበጠው፣ መልሶ አየው። ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ጮኸ። ከዚያ «ደኅና ሁኝ» ብሎ ወጣ።

«ጥያቄሽን አልሰማም እኮ» አልኳት። «ድገሚለት፤ ሩቅ አልሄደም።»

«ሰምቷል» አለች እታለም፣ መቀሷን እያነሣች።

ጠላሁት። ዛሬ ሳስበው የሚያስጠላ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ጠላሁት።

በማግስቱ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት ወሰደችኝ። ቲቸር አዱኛ ከወላጆች ቀን ጀምሮ በካርቶኑ ግራ ተጋብተው ነበርና ሲያዩዋት ራሳቸው እስክሪብቶ ሰጧት። አዲስ ካርቶን ላይ ጻፈች፦ «የቆዳ መፋቂያ። የአያቴ የአቶ ውባለም። ሽንዲ አጠገብ።» ከዚያ ዕቃውን አንሥታ አውራ ጣቷን በጎድጓዳው ውስጥ አስገባች። ልክ ሆነላት። እዚያ ቆማ አለቀሰች፤ በደረጀ ምክንያት ስታለቅስ ግን አላየኋትም። የእታለም የኋላ ኑሮ የዚህ ወሬ አይደለም። በሕይወት አለች፤ ደኅና ናት።

ከዚያ በኋላ በመጣው የገበያ ቀን አያ ታደግ ከሽንዲ መጡ። እንደ ልማዳቸው ቤቱን ዞረው ወደ ጓሮ ሲሄዱ እናቴ ከፊት በር ላይ ቆማ ጠራቻቸው።

«አያ፣ በዚህ ይግቡ።»

ያልሰሙ መስለው ሊያልፉ ነበር። ደግማ ጠራቻቸው። መንገዱ በገበያተኛ የተሞላ ነበር፤ እሳቸው ግራ ቀኙን እያዩ፣ በትራቸውን አስቀድመው ገቡ። እናቴ ምክንያቱን አልተናገረችም፤ ለእታለምም ይቅርታ አላለቻትም፤ ወንበር ብቻ አቀረበች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልክ እንደ እጀታው ይሸቱ ነበር።

ቡሬ ላይ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው ወደ አውቶቡሱ መግባት ጀመረ። ዕቃው አሁንም እጄ ውስጥ ነው። የወንድሟን ልጅ ክርስትና ያወራችኝ ሴት እየጠበቀችኝ ቆማለች።

«የቆዳ መፋቂያ ነው» አልኩት ቁራሌውን። «ቅድመ አያቴ ቆዳ አልፊ ነበሩ። ልክ እንዲህ ያለ ነበራቸው።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰበሰበችና ቀድማኝ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ቁራሌው ዕቃውን ከእጄ ተቀበለ። እንደ ሌላው ብረት ማዳበሪያው ላይ አልጣለውም፤ ጭኑ ላይ አኖረው። ጎማ ቤቱን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ማንም እንደማይሰማው ሲያረጋግጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«የኛም» አለኝ።